የዮናታን ልጅ የት አለ?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ምድሪቱ በአደይ አበባ በምትሸፈንበት በዚህ ወቅት ካህናቱ ሌሊቱን ቆመው የሚያዜሙት ስለ አበባ ብቻ አይደለም፤ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ ስለ ሸሸች እናትም ነው። በሌላ አነጋገር ይህች አገር በየዓመቱ አርባ ቀን ሙሉ የምታስበው አንድን የስደተኛ ቤተሰብ ነው። የመታሰቢያው ፍሬ ነገርም ሥልጣኑን የፈራ አንድ ንጉሥ ሕፃናትን ማስገደሉ፣ አንዲት እናትና አንድ አረጋዊ ጠባቂ ደግሞ አንዱን ሕፃን ማትረፋቸው ነው።

አሁን የቀን መቁጠሪያችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ። የሰሜኑ ጦርነት የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ የትግራይ ተወላጆች የታሰሩበት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የታወጀው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሦስቱም በዘመነ ጽጌ ውስጥ ናቸው። ከዚህ ግጥምጥሞሽ ምሥጢር ለማውጣት አልፈልግም፤ ትንቢት የመተንተን ሙያም የለኝም። ነገር ግን ስለ ስደተኛው ሕፃን የሚዘመርበትና ሕፃናት የሚሰደዱበት ወቅት አንድ ሲሆን፣ በቅኔ ማሕሌቱና በአደባባዩ መካከል ያለው ግድግዳ ምን ያህል ወፍራም እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ሕፃናትን ከጦርነት የሚጠብቃቸው ማን ነው? ሕግ ነው የሚል መልስ አለ፤ ሕጉም በእርግጥ አለ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 የሚናገረው ስለ ሕፃናት መብት ነው። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 እዚሁ በእኛው ከተማ በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ማንም ሰው በውጊያ በቀጥታ እንዳይሳተፍ ይከለክላል። ሆኖም ሕግ ሕፃኑን በክንዱ አንሥቶ አይሮጥም። አንሥቶ የሚሮጠው ጎረቤት ነው፤ አክስት ናት፤ የክርስትና አባት ነው፤ የአባቱ ወዳጅ ነው። ስለዚህ ወዳጅነትና ጋብቻ የሰባኪዎችና የሽማግሌዎች ርእስ ብቻ ሆነው መቅረታቸው ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። በጦርነት ዘመን ሁለቱም የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው።

የዳዊትና የዮናታን ወዳጅነት በስብከቶቻችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። የሚነሣው ግን ግማሹ ነው። ዮናታን ለዳዊት ልብሱንና ቀስቱን እንደ ሰጠው፣ ነፍሱም ከነፍሱ ጋር እንደ ተሳሰረች እንሰማለን፤ ከዚያ ስብከቱ ያልቃል። ዮናታን በዚያ ወዳጅነት ምን እንደ ጠየቀ ግን አይነገረንም። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ የአባቱን ተቀናቃኝ የወደደው ይህ ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀን ሲከፋ፣ ዳዊት ሲበረታና ጠላቶቹ ሲጠፉ፣ ቸርነቱን ከዮናታን ቤት እንዳያርቅ። ዮናታን ጦርነቱ በማን ድል እንደሚያልቅ የገመተ ይመስላል፤ ወዳጁን ያስማለውም ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ልጆቹ ነው።

ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ሲወድቁ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ወሬው በደረሰ ጊዜ ሞግዚቱ አንሥታው ሸሸች፤ በጥድፊያዋም ወደቀና ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልጁን የጎዳው የጠላት ጦር አይደለም። ከጠላት ወገን አንድም ወታደር አልነካውም። የጎዳው ወሬ ነው፤ ድንጋጤ ነው፤ እርሱን ለማዳን የሮጠች ሴት ጥድፊያ ነው። በጦርነት ከሚጎዱ ሕፃናት ስንቶቹ ናቸው እንዲህ የሚጎዱት? በጥይት ያልተነኩ፣ ነገር ግን በሽሽት፣ በረኀብ፣ በክትባት መቋረጥ፣ በትምህርት ቤት መዘጋት የሚሰናከሉ? የሬሳ ቆጠራ እነዚህን አያገኛቸውም።

ከዓመታት በኋላ ዳዊት ከነገሠና ከተረጋጋ በኋላ፣ ስለ ዮናታን ስል ቸርነት የማደርግለት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለን ብሎ ጠየቀ። ልጁን ከሎዶባር አስመጥቶም በማዕዱ አስቀመጠው። አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ፣ ዳዊት ይህን ያደረገው የተቀናቃኙን ወራሽ በዓይኑ ሥር ለማቆየት ነው ሊል ይችላል። ይበል፤ የፖለቲካ ሰው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መምታቱ አዲስ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ በኋላ የሆነው ነው። አቤሴሎም ባመፀ ጊዜ አገልጋዩ ሲባ ወደ ዳዊት መጥቶ፣ ሜምፊቦስቴ የአያቱን መንግሥት ሊያስመልስ በኢየሩሳሌም ቀርቷል አለው። ዳዊትም ሳያጣራ፣ ሰውየውን ሳይሰማ፣ ርስቱን ሁሉ ለጠቋሚው ሰጠ። በኋላ እውነቱ ሲነገረው እንኳ የመለሰለት ሙሉውን አይደለም፤ ለሁለት ተካፈሉት አለ እንጂ። መሐላ የገባ ወዳጅ፣ ያውም ዳዊት፣ በጦርነት ሰሞን አንድ ጥቆማ ሲደርሰው የወዳጁን ልጅ በዘሩ ፈረደበት። የሳኦል ቤት ነውና ይሆናል ብሎ አመነ።

ይህን ታሪክ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በአዲስ አበባ ሆኖ ላነበበ ሰው ሲባ ማን እንደ ሆነ አይጠፋውም። ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም። ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ነበር፤ ከወሎ የሸሸው ሕዝብ በየመንገዱ ነበር፤ የማይካድራ፣ የአክሱምና የጭና ወሬ በየቤቱ ገብቶ ነበር። መንግሥትም እስሩ የሕወሓትን ደጋፊዎች እንጂ ብሔርን የሚመለከት አይደለም ሲል ተናግሯል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ሰሞን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ ከታሰሩት መካከልም አረጋውያንና የልጆች እናቶች እንዳሉ ገልጾ ነበር። የልጆች እናት ስትታሰር ልጆቹ የት ያድራሉ? ዐዋጁ ይህን አይመልስም። ዐዋጅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መልሶ አያውቅም።

እኔ በምኖርበት በለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ሰው የሰፈረው በዘር ተመራርጦ አይደለም። አንዱ ሠርቶ፣ አንዱ ገዝቶ፣ ብዙው ተከራይቶ፣ ከአራቱም ማዕዘን ተሰባስቦ የተጎራበተ ሕዝብ ነው። እድሩ አንድ ነው፤ የልጆቹ መጫወቻ አንድ ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር አይቻለሁ። አንደኛው፣ አንዲት እናት በተወሰደች ማታ ልጇ ከደጅ ቆማ ሳለ የጎረቤት አሮጊት ነጠላቸውን አደግድገው ወጡና፣ «የክርስትና ልጄ ናት፤ ዛሬም ነገም እኔ ዘንድ ነው የምታድረው» አሉ። የመጡትም ሰዎች፣ «ይሁን እማማ፣ ይዘዋት ይግቡ» ብለው ሄዱ። አበልጅነት ማለት ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥምቀተ ክርስትና ላይ ሻማ ይዞ የቆመ ሰው፣ የሚዜውን ስልክ ከእጅ ስልኩ የሰረዘበት ወራት ነው። የትኛው ይበዛ ነበር ብትሉኝ ቆጥሬ አላውቅም፤ ሁለቱም ነበሩ። በታክሲ ውስጥ እናታቸው በትግርኛ እንዳያናግሩ በክርን የምትጎሽማቸው ልጆችም ነበሩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን መዋጥ የተማረ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሞግዚቱ ከጣለችው ልጅ በምን ይለያል?

ስለ ሚዜ ካነሣን ዘንድ ይህ የእኛ ልማድ ሊመረመር ይገባዋል። በባህላችን ሚዜ አጃቢ ብቻ አይደለም። ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ይቆጠራል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እርሱ ነው፤ ከወላጆቿ ርቃ ባልተለመደ ቤት ለምትገባ ሴት ጠበቃዋ ነው። ወዳጅነት ለጋብቻ ዘብ እንዲቆም የተደረገበት ሥርዓት ነው። ጋብቻው በሁለት ብሔሮች መካከል ሲሆን ዘቡ የሚፈለገው ይልቁንም ጦርነት ሲነሣ ነው። ያኔ ዘቡ ከሸሸ፣ ሙሽራዪቱን ቤቱ ድረስ ያጀባት ለፎቶ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ጋብቻን ስናነሣ አንዳንድ ወገኖች ወዲያው የሚያቀርቡት መድኃኒት አለ፤ «እንጋባ፣ እንዋለድ፣ ያኔ ጦርነት ይቀራል» የሚል። መልካም ምኞት ነው፤ ታሪካችን ግን አይደግፈውም። ዐፄ ቴዎድሮስ እቴጌ ጥሩወርቅን ሲያገቡ አባቷ ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል ተነሥተው በእስር ላይ ነበሩ። ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲያጠፉ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ሞቱ። ልጁ ከዚያ ሁሉ የጦር ሠራዊት መካከል የተጠጋው አማርኛ ለሚያውቅ ለአንድ መኮንን፣ ለካፒቴን ስፒዲ ነበር። እንግሊዝ አገር ከደረሰ በኋላ መንግሥት ለትምህርቱ ሲል ከእርሱም ለየው። በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞተ፤ በዊንዘር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ዐፅሙን ለመመለስ እንደማይችል አስታውቆ ነበር። የዚህን ልጅ ታሪክ የምናነሣው ብዙ ጊዜ ስለ ተዘረፈው ቅርስ ለመከራከር ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቅርሱ በፊት፣ የአባቱና የእናቱ አባት ጠላትነት፣ የባዕድ ጦር፣ ቀጥሎም የመንግሥት ውሳኔ ተራ በተራ የተፈራረቁበት አንድ ልጅ ነበር።

ሌላም አለ። ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ከ1874ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ ሰላማቸውን ሲያጸኑ ማሰሪያው የልጆቻቸው ጋብቻ ነበር። ራስ አርአያ ሥላሴ ገና ታዳጊ፣ ዘውዲቱ ምኒልክ ደግሞ ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። የትግራይና የሸዋ ሰላም በአንዲት ሕፃን ትከሻ ላይ ተጫነ። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቶቻቸው ጦር ሊማዘዙ ተቃርበው ነበር። ሕፃናትን ከጦርነት መጠበቅ ማለት ሕፃናትን የሰላም መያዣ ማድረግ አይደለም። ዳዊት ራሱ ሜልኮልን ከሁለተኛ ባሏ ያስመለሳት በድርድር መካከል ነው፤ ባልየውም እያለቀሰ ይከተላት እንደ ነበር መጽሐፉ ጽፎታል። የዚያን ሰው እንባ የጻፈው እጅ ለዳዊት ጥብቅና ለመቆም አልፈለገም።

እንግዲህ ስለ ጋብቻ ከመጽሐፍ ቅዱስ መመሪያ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ከነገሥታቱ ጋብቻ ይልቅ በዘዳግም 24፥5 ያለችውን አጭር ድንጋጌ እንዲያነብ እመክራለሁ። አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ጦርነት አይወጣም፤ ሥራም አይጫንበትም፤ በቤቱ ይቀመጣል፤ ሚስቱን ደስ ያሰኛል። በዚያ የብረትና የደም ዘመን፣ መንግሥት የማይገባበት የአንድ ዓመት ቅጥር ለጋብቻ ተከልሎለታል። ሰው ዜጋና ወታደር ከመሆኑ በፊት ባል ነው ማለት ነው። በደርግ ዘመን የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲካሄድ ይህን ድንጋጌ ማን አስታወሰ? ዛሬስ የጦር ግንባር ወሬ በሚነገርባቸው ጉባኤዎች ማን ያነሣዋል?

መንግሥት የጋብቻን ቅጥር ሲጥስ ምን እንደሚሆን በቅርቡ ታሪካችንም አይተናል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሂዩማን ራይትስ ዎች ወደ 75 ሺህ የሚገምታቸው ኤርትራውያንና የኤርትራ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባርረዋል። ከኤርትራም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባርረዋል፤ ተመልሰዋል። ባል ወደ አሥመራ፣ ሚስት በአዲስ አበባ፤ ልጆቹ ከሁለት አንዱ ዘንድ። ስልኩ ተቆረጠ፤ አውሮፕላኑ ቆመ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አሥመራ ሲበር ከተሳፋሪዎቹ መካከል ልጆቻቸውን ለማየት የሚሄድ አባት ነበሩ። በቴሌቪዥን የተላለፈው የመተቃቀፍ ትዕይንት አገሩን ሁሉ አስለቅሷል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ሲለያዩ አራት ዓመት የነበረው ልጅ ሲገናኙ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ያልተመለሰው ልጅነቱ ነው።

አሁን ወደ አማራ ክልል እንምጣ። በዚያ ውጊያው ተፋፍሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደ ነበሩ ተዘግቧል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በትግራይ ጦርነት ሰሞንም ትምህርታቸው ተቋርጦ የነበረ የሰሜን ወሎ፣ የዋግና የሰሜን ጎንደር ልጆች ናቸው። የትግራይ ልጆችም በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. የተዘጋው ትምህርት ቤታቸው እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቅጡ አልተከፈተም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ ልጅ ወደ ጠመንጃው ይቀርባል፤ ሴቷ ልጅ ወደ ጋብቻው ትገፋለች። በዚህ ነጥብ ላይ ርእሶቼ ሁሉ ይገናኛሉ። የቤተሰብ ሕጋችን ለጋብቻ የወሰነው ዕድሜ 18 ነው፤ የአፍሪካው ቻርተር ለውጊያ የወሰነውም 18 ነው። ሁለቱን አጥሮች የያዘው ምሰሶ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጁን የሚድር የገጠር አባት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ታጣቂና ወታደር በሚመላለስበት መንደር ያላገባች ልጅ ማኖር ፈርቶ፣ «ባል ይጠብቃት» ብሎ ነው። ሜምፊቦስቴን የጣለችው ሞግዚትም ልታድነው እየሮጠች ነበር።

ምን ማድረግ ይቻላል? ይህን ስል ከዚህ ቀደም ምንም እንዳልተደረገ አልናገርም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመን ገዳም ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አዩ፤ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተውም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማም እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ነበር። ሌላ አገር የሚያህል ሕዝብ ሊያጠፋቸው የተነሣባቸው ልጆች የእኛን መዝሙር ነፉልን። በጊዜው በገዛ አገራችን ሕፃናት በባርነት ይሸጡ እንደ ነበር መርሳት ግን አይገባም። ለሩቅ ልጅ መራራት ለቅርብ ልጅ ከመራራት ሲቀል ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ከሩቅ ለመማር ያህል ደግሞ ኤል ሳልቫዶርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1985 በመንግሥትና በሽምቅ ተዋጊዎች መካከል ከባድ ጦርነት ሲካሄድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ዩኒሴፍ ሁለቱንም ወገኖች አነጋግረው በሦስት የተለያዩ ቀናት ውጊያው እንዲቆም አደረጉ። በእነዚያ ቀናት ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተከተቡ። ጦርነቱ አላለቀም፤ በማግስቱ ቀጠለ። ነገር ግን ቀኖቹ በየዓመቱ ይደገሙ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ማን ትክክል ነው የሚለውን ክርክር እስክትጨርስ አልጠበቀችም። የጠየቀችው ጥቂት ነገር ነው፤ ጥቂት ስለ ነበረም ተሰጣት።

የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ከዚያች የበለጠ መሣሪያ በእጃቸው አለ። በአማራ ክልል ጫካ ካለው ታጣቂም፣ በካምፕ ካለው ወታደርም፣ በቢሮ ካለው ባለሥልጣንም ብዙው የንስሐ አባት አለው። ፆሙን የሚይዘው፣ ልጁን የሚያስጠምቀው፣ ሞቱን የሚያስፈታው በእነዚያ ካህናት ነው። የቤተ ክርስቲያን መሪዎቻችን በመግለጫ ስለ ሰላም በጥቅሉ ሲናገሩ ሰምተናል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን የመግለጫው ቋንቋ ከወገን ቋንቋ ጋር ተደበላልቆ፣ የትግራይ አባቶች እስከ መለየት የደረሱበትን ቁስል አትርፏል። ስለዚህ ከጥቅል መግለጫ ይልቅ ጠባብ ጥያቄ ይሻላል። አንድ የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ፣ «ጠመንጃህን አውርድ» ሊለው ይፈራ ይሆናል። «ትምህርት ቤት ውስጥ አትስፈር፤ የመምህሩን መንገድ አትዝጋ፤ የፈተናው ሰሞን አትተኩስ» ለማለት ግን የትኛውን ወገን መምረጥ ያስፈልገዋል? ቀኖናውን በዚህ መልክ ቢሰጥ ማን ከለከለው?

ከቅዱስ ሲኖዶስ ጀምሮ የወንጌላውያኑና የካቶሊካውያኑ መሪዎችም ያሉበት የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ለሁለቱ ወገኖች ሊያቀርበው የሚችል ነገር ይህ ነው፤ በዘመነ ጽጌ ከአርባው ቀን ሦስቱን ብቻ። ክትባቱ ከቀበሌ ቀበሌ እንዲደርስ፣ የተፈናቀለ ልጅ በየትኛውም ትምህርት ቤት ያለ ወረቀት እንዲመዘገብ፣ የተለያየ ቤተሰብ መንገዱን በሰላም አልፎ እንዲገናኝ። መስከረም 26 የሚጀምረው ማሕሌት በየደብሩ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነውና፣ ደብዳቤውን ለመጻፍ ክረምቱ ይበቃል።